የድሮ ሊኑክስ ሲያስቸግር፦ ከመነሻው ፊደል እስከ ሳውንድ ካርዱ ችግሩን ፈልጎ ማግኘት

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ የድሮ ፔንቲየም ኮምፒውተር ተሸክሞ ቤቴ መጣ። ከአጎቱ ዕቃ ቤት ያወጣው ነው። ውስጡ ከርነል 2.0 (ከርነል የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም ነው) ያለው ሊኑክስ ተጭኗል። ማሽኑ ተነሳ፤ ኔትወርኩ ግን እንቢ አለ። ወዳጄ ወዲያው «ሁሉንም ላጥፋውና እንደ አዲስ ልጫነው?» አለኝ። አይሆንም አልኩት። በዚያ ዘመን ሊኑክስ ላይ እንደ አዲስ መጫን ብዙ ጊዜ ያንኑ ችግር ይዞ ይመለሳል። ደግሞም ማሽኑ ምን እንደጎደለው እየነገረን ነበር። ያላነበብነው እኛ ነን።

የድሮ ሊኑክስ አይደብቅም። ሲበላሽ የት ላይ እንደተበላሸ ይናገራል። አነጋገሩ አጭር ስለሆነ ግን ብዙ ሰው ያልፈዋል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ያንን አነጋገር ለማንበብ የሚረዱ ናቸው።

«የድሮ ሊኑክስ» ስል ከርነል 1.0 ከወጣበት ከ1994 ጀምሮ 2.2 እስከወጣበት እስከ 1999 ድረስ ያለውን ማለቴ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስርጭቱ (ሊኑክስ ተዘጋጅቶ የሚቀርብበት ጥቅል) ስላክዌርም ይሁን ዴቢያን ወይም ሬድ ሃት፣ መንገዱ ያው ነው። እውነተኛ አሮጌ ማሽን የሌላችሁ 86ቦክስ ወይም ኪዩኢሙ በሚባሉት አስመሳይ ፕሮግራሞች ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። የዚያን ዘመን ካርዶች ስለሚያስመስሉ ችግሮቹም አብረው ይመጣሉ።

ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እንደሚነበቡ በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ኪቦርዱ ላይ ስትጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

1. ከመንካታችሁ በፊት

ሦስት ነገር አዘጋጁ፦ ደብተር፣ ማስነሻ ፍሎፒና ካቻቢቴ።

ደብተሩ ላይ ስክሪኑ የሚያወጣውን ስሕተት ቃል በቃል ጻፉ። «ኔትወርክ አልሠራም» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። ቁጥሩንም ምልክቱንም እንዳለ ገልብጡት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሞክሩ፤ የሆነውን ጻፉ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳነው፣ የትኛው እንደገደለው አታውቁም።

ማስነሻ ፍሎፒውን ማሽኑ ደህና ሳለ አዘጋጁት። በዚያ ዘመን ከርነሉን እንዳለ ፍሎፒ ላይ መጻፍ ይቻል ነበር። «ዲዲ ኢፍ=/ቡት/ቪኤምሊኑዝ ኦፍ=/ዴቭ/ኤፍዲ0» ትላላችሁ። ቀጥሎ «አርዴቭ /ዴቭ/ኤፍዲ0 /ዴቭ/ኤችዲኤ2» ብላችሁ ዋናው ፓርቲሽን (ሊኑክሱ ያለበት የዲስኩ ክፍል) የትኛው እንደሆነ ትነግሩታላችሁ። ኤችዲኤ2 ምሳሌ ነው፤ የእናንተን አስገቡ። ፍሎፒው 1.44 ሜጋባይት ብቻ ስለሚይዝ ከርነሉ ከዚያ ማነስ አለበት። ማሽኑ አሁኑኑ አልነሳም ካለ ደግሞ የስርጭቱን ማስነሻ ዲስክ ዶስ ላይ ሆናችሁ ሮውራይት በሚባለው ፕሮግራም ጻፉት።

ካቻቢቴው ክዳኑን ለመክፈት ነው። መብራቱን ነቅላችሁ፣ የሣጥኑን ብረት በእጃችሁ ነክታችሁ፣ ካርዶቹን አንድ በአንድ እዩ። ካርቶኑ ላይ ያለው የሻጩ ስም ነው። ድራይቨሩን (ከርነሉ ካርዱን የሚያዝበትን ፕሮግራም) የሚወስነው ትልቁ ቺፕ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ሪልቴክ 8019 ከሆነ «ኤንኢ2000» የሚባለውን ዓይነት ካርድ የሚመስል ነው። ሪልቴክ 8139 ከሆነ ግን ድርጅቱ አንድ ቢሆንም ድራይቨሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ካርዱ ፒሲአይ (በዚያ ዘመን አዲሱ የካርድ መሰኪያ) ከሆነ «ካት /ፕሮክ/ፒሲአይ» ብላችሁ ቺፑን ከስክሪን ማንበብ ትችላላችሁ። በቆየው መሰኪያ የሚገባው አይኤስኤ ካርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አያስተዋውቅም። እዚያ ዓይናችሁና ካቻቢቴው ናቸው የሚረዱት።

2. ሊሎ ላይ ከቆመ

ሊሎ የሊኑክስ ማስነሻ ነው። ሲነሳ ስሙን በላቲን አራት ፊደል ያወጣል፦ ኤል፣ አይ፣ ኤል፣ ኦ። እያንዳንዱ ፊደል አንድ ሥራ ሲያልቅ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ቃሉ የቆመበት ቦታ ችግሩ ያለበት ቦታ ነው።

ኤል ብቻ ወጥቶ ከጎኑ ቁጥር እየተደጋገመ ከሄደ ዲስኩ አልነበብ ብሏል። ቁጥሩ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው፣ ቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም) የመለሰው የስሕተት ኮድ ነው።

ኤልና አይ ወጥተው ከቆመ ሁለተኛው የማስነሻ ክፍል ተጭኗል፤ መሮጥ ግን አልቻለም። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው ነው። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ባዮሱና ሊሎ የዲስኩን አቆጣጠር በተለያየ መንገድ ነው የሚያዩት። ወይ ደግሞ በቡት ማውጫ ውስጥ ያለ ፋይል ተቀይሮ ሊሎ እንደገና አልተካሄደም።

ሦስት ፊደል ላይ ከቆመ የካርታ ፋይሉን (ከርነሉ ዲስኩ ላይ የት እንዳለ የሚነግረውን) ማንበብ አቅቶታል። መነሻው እንደገና ወይ የዲስክ አቆጣጠር ነው፤ ወይ የተጎዳ ዲስክ።

መፍትሔው እንዲህ ነው። በስርጭቱ ማስነሻ ዲስክ አስነሱ። ዋናውን ፓርቲሽን ኤምኤንቲ ማውጫ ላይ አያይዙት። /ኤምኤንቲ/ኢቲሲ/ሊሎ.ኮንፍ ውስጥ «ሊኒየር» የሚለውን ቃል ጨምሩ። ከዚያ «ሊሎ -አር /ኤምኤንቲ» በሉ። አሁንም ካልሆነ ከርነሉ ዲስኩ ላይ የት እንደተቀመጠ ተመልከቱ። የዚያ ዘመን ባዮስ ከ1024ኛው ሲሊንደር በላይ አያይም። በአንዳንድ ማሽን ይህ ከመጀመሪያው 504 ሜጋባይት በላይ አለማየት ማለት ነው። ትንሽ የቡት ፓርቲሽን ዲስኩ መጀመሪያ ላይ መሥራት ከዚህ ጣጣ ይገላግላል። እኔ አሮጌ ማሽን ላይ ስጭን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው።

ከርነል በቀየራችሁ ቁጥር፣ ስሙ ያው ቢሆንም እንኳ፣ ሊሎን እንደገና ማካሄድ አለባችሁ። ሊሎ ፋይሉን በስሙ አያውቀውም። ዲስኩ ላይ ያለበትን ቦታ ነው የያዘው።

3. ከርነሉ እየተናገረ ከቆመ

ከሊሎ በኋላ ጽሑፉ መፍሰስ ይጀምራል። ፈጥኖ ካለፋችሁ ሺፍትን ይዛችሁ ፔጅ አፕን ተጫኑ፤ ወደ ላይ ይመለሳል። ማሽኑ ተነስቶ ከሆነ ደግሞ «ዲኤምኢኤስጂ» በሉ። ያ ሁሉ ጽሑፍ ይመለሳል። ረጅም ስለሚሆን ወደ ፋይል ላኩትና በእርጋታ አንብቡት። /ቫር/ሎግ/ሜሴጅስ የሚባለውም ፋይል ጓደኛችሁ ነው።

በጣም የሚያስደነግጠው መልእክት «ከርነል ፓኒክ» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ቀጥሎ «አንኤብል ቱ ማውንት ሩት» ይልና ሁለት ቁጥር ያወጣል፣ ለምሳሌ 03:02። ቁልፉ እዚያ ነው። የመጀመሪያው የመሣሪያው ዓይነት ነው፤ ሁለተኛው ፓርቲሽኑ። 03:02 ማለት ኤችዲኤ2 ነው። 03:41 ኤችዲቢ1 ነው፤ ቁጥሮቹ የሚጻፉት በአሥራ ስድስት ቤት ነውና። 08:01 ደግሞ የመጀመሪያው ስካዚ (ከተለመደው የተለየ የዲስክ ማገናኛ) ዲስክ የመጀመሪያ ፓርቲሽን ነው።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። የእኔ ሊኑክስ ያለው እውነት እዚያ ነው? ካልሆነ ሊሎ ሲጠይቅ «ሊኑክስ ሩት=/ዴቭ/ኤችዲኤ3» ብላችሁ ትክክለኛውን ስጡት። ቦታው ትክክል ሆኖ እንቢ ካለ ከርነሉ ያንን ዲስክ የሚያነብበት ድራይቨር ውስጡ የለም ማለት ነው። ራሳቸው ከርነል የሠሩ ሰዎች ላይ ይህ ይደጋገማል። የስካዚውን ድራይቨር ወይም ኢኤክስቲ2 የሚባለውን የፋይል ሥርዓት ሞጁል (ከከርነሉ ውጭ ተቀምጦ ሲያስፈልግ የሚገባ ቁራጭ) ያደርጉታል። ሞጁሉ የተቀመጠው ደግሞ ዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩን ለማንበብ ሞጁሉ ያስፈልጋል፤ ሞጁሉን ለማምጣት ዲስኩ ያስፈልጋል። ሁለቱን ከርነሉ ውስጥ አስገቧቸው፤ በቃ።

ሌላው ማኅደረ ትውስታ ነው። 128 ሜጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ «ፍሪ» ብላችሁ 64 ብቻ ካያችሁ ራሙ አልተበላሸም። የቀድሞዎቹ ከርነሎች ባዮሱን የሚጠይቁበት መንገድ ከ64 በላይ አይመልስም። ሊሎ ላይ «ሊኑክስ ሜም=128ኤም» በሉ። ከሠራ ሊሎ.ኮንፍ ውስጥ «አፔንድ» በሚለው መስመር አስገቡት። ካላችሁ በላይ ግን አትጻፉ፤ ማሽኑ የሌለ ቦታ ላይ ሊጽፍ ሲሞክር ይሞታል።

4. ካርዱ አለ፣ ግን አይሠራም

የወዳጄ ማሽን ችግር እዚህ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ካርድ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ የሚነጋገርበት አድራሻ ነው፤ አይኦ ይባላል። ሌላው ፕሮሰሰሩን «እኔን ስማኝ» የሚልበት መስመር ነው፤ አይአርኪው ይባላል። መስመሮቹ ከ0 እስከ 15 ድረስ 16 ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ ባለቤት አላቸው። 1 ኪቦርድ ነው። 3ና 4 ሲሪያል ፖርቶች ናቸው። 6 ፍሎፒ፣ 7 ፕሪንተር ናቸው። 12 የፒኤስ2 ማውስ ነው። 14ና 15 ሃርድ ዲስክና ሲዲ ናቸው። ለአዲስ ካርድ የሚተርፉት 5፣ 9፣ 10ና 11 ናቸው። አይኤስኤ ላይ ሁለት ካርድ አንድ መስመር ላይ ተቀምጦ በሰላም አይኖርም።

ማን ምን እንደያዘ ለማየት «ካት /ፕሮክ/ኢንተራፕትስ» በሉ። አድራሻውን ደግሞ «ካት /ፕሮክ/አይኦፖርትስ» ያሳያችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እነዚህ የሚያሳዩት ድራይቨር የያዘውን ብቻ ነው። ድራይቨር ያልተገኘለት ካርድ መስመሩ ላይ ተቀምጦ ዝም ሊል ይችላል። ዝርዝሩ ላይ የለም ማለት ክፍት ነው ማለት አይደለም።

እንግዲህ የወዳጄ ካርድ ኤንኢ2000 ዓይነት ነበር። ሞጁሉ ገብቷል። ስክሪኑ ላይ ስሕተት የለም። «አይኤፍኮንፊግ» ስንል ኢቲኤች0 የተባለው የኔትወርክ ካርዱ ተነስቶ ይታያል። የራሱን አድራሻ ፒንግ (አለህ ወይ የሚል የኔትወርክ ጥሪ) ስናደርግ ይመልሳል። ሌላ ማሽን ስንሞክር ግን ዝም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገመዱን መቀያየር ይጀምራል። ገመዱን አንድ ጊዜ ማየት አይከፋም። ኮኔክተሩ ሁለት ዓይነት የሆነ ካርድ ከሆነም የትኛው እንደተመረጠ እዩ። ቀጥሎ ግን ይህን አድርጉ። /ፕሮክ/ኢንተራፕትስን አውጡና ከኢቲኤች0 ጎን ያለውን ቁጥር ጻፉ። ፒንግ አድርጉ። እንደገና አውጡ። ቁጥሩ ከጨመረ ካርዱና ከርነሉ እየተነጋገሩ ነው፤ ችግሩን አድራሻ፣ መንገድና ገመድ ላይ ፈልጉ። ቁጥሩ ከዜሮ ካልተነሳ ግን መስመሩ የተሳሳተ ነው። ካርዱ በአንድ መስመር ይጣራል፤ ከርነሉ በሌላ መስመር ይጠብቀዋል።

የእኛ ዜሮ ነበር። /ኢቲሲ/ኮንፍ.ሞጁልስን ስንከፍት «ኦፕሽንስ ኤንኢ አይኦ=0ኤክስ300 አይአርኪው=10» ይላል። ካርዱ ግን 5 ላይ ነው የተስተካከለው። አንድ ሰው በመሃል ካርዱን ለውጦ ፋይሉን ሳይነካ ትቶታል። ፋይሉን ወደ 5 እንዳንቀይረው ሳውንድ ካርዱ 5ን ይዟል። ስለዚህ በዶስ ፍሎፒ ተነስተን በካርዱ የራሱ ማስተካከያ ፕሮግራም ካርዱን ወደ 10 አዛወርነው። ሊኑክስን ስናስነሳ ፒንጉ መለሰ። እንደ አዲስ ጭነነው ቢሆን ኖሮ ካርዱ 5 ላይ እንደተቀመጠ ይቀር ነበር።

ኤንኢ2000 ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አድራሻው 32 ቦታ ይይዛል። 0ኤክስ360 ላይ ካስቀመጣችሁት 0ኤክስ378 ላይ ያለውን የፕሪንተር ፖርት ይረግጣል። 0ኤክስ300 ደህና ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ ሞጁሉ አይኤስኤ ካርድን ራሱ ፈልጎ አያገኝም። አይኦውን ካልነገራችሁት እንቢ ብሎ ይወጣል፤ መልእክቱም ያንኑ ይላል።

ከርነል 2.0 ላይ ከሆናችሁ አይኤፍኮንፊግ ካላችሁ በኋላ «ራውት አድ -ኔት» ብላችሁ መንገዱንም በእጃችሁ መጨመር አለባችሁ። 2.2 ይህን በራሱ ያደርጋል። በ2.2 የለመደ ሰው ወደ 2.0 ሲመለስ ይህን ረስቶ ካርዱን ሲጠረጥር አይቻለሁ።

ካርዱ ላይ መቀየሪያ ጃምፐር ከሌለ ምናልባት ፕለግ ኤንድ ፕሌይ የሚባለው አይኤስኤ ነው። እንዲህ ያለው ካርድ ሰው ካልቀሰቀሰው ተኝቶ ይቀራል። መጀመሪያ ባዮሱ ውስጥ ገብታችሁ «ፒኤንፒ ኦኤስ» የሚለውን «ኖ» አድርጉት፤ ባዮሱ ራሱ እንዲያስተካክለው። ይህ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልሆነ «ፒኤንፒደምፕ» ብላችሁ ውጤቱን /ኢቲሲ/አይኤስኤፒኤንፒ.ኮንፍ ላይ አስቀምጡ። ፋይሉ ውስጥ አብዛኛው መስመር በአስተያየት ምልክት (#) ተዘግቷል። የምትፈልጉትን አይኦና አይአርኪው ክፈቱ፤ በመጨረሻም «አክት ዋይ» የሚለውን መክፈት አትርሱ። እሱ ካልተከፈተ ካርዱ አይነቃም። ከዚያ «አይኤስኤፒኤንፒ» ፋይሉን አንብቦ ካርዱን ያስነሳል። የዚህ ካርድ ድራይቨር የግድ ሞጁል መሆን አለበት። ከርነሉ ውስጥ ከተሠራ ካርዱ ከመንቃቱ በፊት ፈልጎት «የለም» ብሎ ያልፋል።

5. ሞጁሉ አልገባም ካለ

«ዲቫይስ ኦር ሪሶርስ ቢዚ» ካለ ቃሉ ያሳስታል። ሥራ በዝቶበት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በሰጣችሁት አድራሻ ላይ ካርዱን አላገኘውም፤ ወይም መስመሩን ሌላ ይዞታል። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

«አንሪዞልቭድ ሲምቦል» ካለ ሁለት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው ሞጁሉ ሌላ ሞጁል ላይ ይደገፋል። ኤንኢ ያለ «8390» አይቆምም። «ኢንስሞድ» ያዘዛችሁትን አንድ ፋይል ብቻ ነው የሚያስገባው። «ሞድፕሮብ» ግን የሚደገፍበትን ቀድሞ ያመጣል። ስለዚህ ሞድፕሮብን ልመዱ። ሞድፕሮብ ራሱ ግራ ከተጋባ «ዴፕሞድ -ኤ» ብላችሁ ዝርዝሩን አሳድሱለት። ሁለተኛው ምክንያት ሞጁሉ ለሌላ ከርነል የተሠራ መሆኑ ነው። «ዩኔም -አር» ብላችሁ የሚሮጠውን ከርነል ቁጥር እዩ። /ሊብ/ሞጁልስ ውስጥ በዚያው ቁጥር ማውጫ መኖር አለበት። በኢንስሞድ -ኤፍ አስገድዳችሁ አታስገቡ። ገብቶ ሊሠራ የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ በኋላ ግን ዲስካችሁ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አታውቁም።

6. ድምፅና ሞደም

ሳውንድ ብላስተር 16 ከሆነ መደበኛው ቦታ አይኦ 0ኤክስ220፣ አይአርኪው 5፣ ዲኤምኤ (ካርዱ ያለ ፕሮሰሰሩ ከራሙ ጋር የሚለዋወጥበት መንገድ) 1 እና 5 ነው። «ካት /ዴቭ/ኤስኤንዲስታት» ካርዱ መታየቱን ይነግራችኋል። ድምፁ አንድ ቁራጭ ብቻ እየደጋገመ ከቆየ መስመሩ ወይም ዲኤምኤው ተሳስቷል። ምንም ስሕተት ሳይኖር ዝም ካለ ግን መጀመሪያ «አውሚክስ» ከፍታችሁ ድምፁ ዜሮ ላይ አለመሆኑን እዩ።

ሞደም ላይ ቶሎ ልለፍ። ቺፑ የሌለው፣ ሥራውን ሁሉ ዊንዶውስ ላይ የጫነ «ዊንሞደም» ከሆነ ጊዜያችሁን አትጨርሱበት፤ የውጭ ሲሪያል ሞደም ፈልጉ። ማውሱ ኮም1 ላይ ሆኖ ሞደሙ ኮም3 ላይ ከሆነና ስልክ ስትደውሉ ማውሱ ከሞተ፣ ሁለቱም መስመር 4ን ስለሚጋሩ ነው። የሞደሙን ጃምፐር ወደ ክፍት መስመር ቀይሩና «ሴትሲሪያል /ዴቭ/ቲቲዋይኤስ2 አይአርኪው 5» በሉ፤ 5 ክፍት ከሆነ ማለት ነው።

7. ስዕላዊው ስክሪን

መጀመሪያ አንድ ከልቤ የምለው ማሳሰቢያ። ስዕላዊውን ስክሪን የሚያሠራውን ኤክስፍሪ86ን ስታስተካክሉ የሞኒተሩን የሲንክ (የስክሪን እድሳት ፍጥነት) ቁጥሮች በግምት አትጻፉ። የድሮ ሞኒተሮች አንዳንዶቹ ከአቅማቸው በላይ ሲሰጣቸው ይቃጠላሉ። መጽሐፉን ወይም የሞኒተሩን ጀርባ እዩ። ካላገኛችሁ ከዝቅተኛው፣ ከ640 በ480 ጀምሩ። ስክሪኑ ሲንቀጠቀጥ ወይም ሲያፏጭ ኮንትሮልን፣ አልትንና ባክስፔስን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ወዲያው ይዘጋል።

በኤክስፍሪ86 3.3 ዘመን ለየካርዱ የተለየ ሰርቨር (ስክሪኑ ላይ የሚሥለው ፕሮግራም) ነበር። ያ እንቢ ካለ ኤክስኤፍ86_ቪጂኤ16 በሚባለው ሞክሩ። ቀለሙ 16 ብቻ ነው፤ ግን ማንኛውም ቪጂኤ ካርድ ላይ ይነሳል። እሱ ከተነሳ ማውሱና ኪቦርዱ ደህና ናቸው፤ የቀረው የካርዱ ድራይቨር ብቻ ነው። «ስታርትኤክስ» የሚያወጣውን ጽሑፍ ወደ ፋይል ላኩ። ሁለት ኮከብ ያለበት መስመር እናንተ ፋይሉ ላይ የጻፋችሁት ነው። ሁለት ሰረዝ ያለበት ራሱ ካርዱን ጠይቆ ያገኘው ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው የእኛ ነው። ማውሱ «ቢዚ» ነው ካለ ደግሞ ጂፒኤም የሚባለው ፕሮግራም ይዞታል፤ አስቁሙትና እንደገና ሞክሩ።

የአማርኛ ፋይል ከፍታችሁ የተዘበራረቀ ምልክት ካያችሁ ድራይቨር አትፈልጉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 ነው፤ በ1999። የዚያ ዘመን ፎንቶች ፊደላችንን አያውቁትም።

8. ፕሮግራሙ አልነሳም ሲል

ፋይሉ ዓይናችሁ ሥር እያለ «ኖ ሰች ፋይል» ይላችኋል። ይህ ብዙ ሰው ያሳብዳል። የጠፋው ፕሮግራሙ ሳይሆን ፕሮግራሙን የሚጭንለት ነው። ሊኑክስ በ1995 አካባቢ ኤ.አውት ከሚባለው የፋይል ዓይነት ወደ ኤልፍ ተሻገረ። በ1997 ደግሞ ከሊብሲ5 (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዋናው ላይብረሪ) ወደ ጂሊብሲ፣ ማለት ሊብሲ6 መሻገር ተጀመረ። የሊብሲ5 ፕሮግራም /ሊብ/ኤልዲ-ሊኑክስ.ኤስኦ.1ን ይፈልጋል። የሊብሲ6 ደግሞ መጨረሻው 2 የሆነውን። የሚፈልገው ከሌለ ያ መልእክት ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ «ፋይል» በሚለው ትእዛዝ ዓይነቱን እወቁ። ቀጥሎ «ኤልዲዲ» ብላችሁ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች አውጡ። «ኖት ፋውንድ» ያለውን ጫኑለት። ላይብረሪው ዲስኩ ላይ ካለና ካላገኘው ማውጫውን /ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ ላይ ጻፉና «ኤልዲኮንፊግ» በሉ። አሁንም ካልገባችሁ «ኤስትሬስ» ፕሮግራሙ የትኛውን ፋይል ሲፈልግ እንደወደቀ መስመር በመስመር ያሳያችኋል። እኔ የምወደው መሣሪያ ይህ ነው።

ዋናውን የሊብሲ ፋይል ወይም ሊንኩን በሚሮጥ ማሽን ላይ አትሰርዙ፣ አታንቀሳቅሱ። ወዲያው «ኤልኤስ»ም «ኤልኤን»ም መሥራት ያቆማሉ። ይህ ከደረሰባችሁ ማሽኑን አታጥፉ። «ኤስኤልኤን» የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ያለ ላይብረሪ ይሠራል፤ በእሱ ሊንኩን መመለስ ትችላላችሁ።

አርፒኤም (የሬድ ሃት ፕሮግራም መጫኛ) «ፌይልድ ዲፔንደንሲስ» ሲል «ኖዴፕስ» በሚለው አታልፉት። የጎደለውን እየነገራችሁ ነው።

9. ከርነሉን እንደገና መሥራት

የሚያስፈልጋችሁ ድራይቨር ከሌለ ከርነሉን ራሳችሁ ትሠራላችሁ። /ዩኤስአር/ኤስአርሲ/ሊኑክስ ውስጥ ግቡ። ቅደም ተከተሉ፦ «ሜክ ሜኑኮንፊግ»፣ «ሜክ ዴፕ»፣ «ሜክ ክሊን»፣ «ሜክ ቢዚኢሜጅ»፣ «ሜክ ሞጁልስ»፣ «ሜክ ሞጁልስ_ኢንስቶል»። ሜክ ዴፕን መዝለል በዚህ ዘመን ከርነል ላይ ያስቀጣል። በ«ዚኢሜጅ» ሠርታችሁ «ሲስተም ኢዝ ቱ ቢግ» ካለ ቢዚኢሜጅን ተጠቀሙ። 486 ላይ ሰዓታት ይፈጃል፤ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ።

በመሃል ኮምፓይለሩ «ሲግናል 11» ብሎ ከወደቀ ከርነሉን ወዲያው አትውቀሱ። «ሜክ»ን እንደገና በሉ። ያንኑ ፋይል፣ ያንኑ ቦታ ላይ ከወደቀ የሶፍትዌር ችግር ነው። አልፎ ሄዶ ሌላ ቦታ ከወደቀ ግን ራሙ፣ ካሹ ወይም የሞቀ ፕሮሰሰር ነው። ከርነል መሥራት ማኅደረ ትውስታን ከዳር እስከ ዳር ስለሚነካ ሌላ ፕሮግራም ያልገለጠውን ብልሽት ይገልጣል። ባዮስ ውስጥ ካሹን ዝጉና ሞክሩ። ከዚያ ራሞቹን እያቀያየራችሁ ሞክሩ፤ 486 ላይ አንዱን፣ ፔንቲየም ላይ ጥንድ ጥንድ።

አዲሱን ከርነል አሮጌው ላይ አትጻፉበት። በሌላ ስም ቡት ማውጫ ውስጥ ቅዱት። ሊሎ.ኮንፍ ላይ ለሁለቱም የየራሳቸው «ኢሜጅ» እና «ሌብል» ስጧቸው፤ አሮጌው ዋናው ሆኖ ይቆይ። ሊሎን አካሂዱ። ከዚያ «ሊሎ -አር» ብላችሁ የአዲሱን ሌብል ጻፉ፤ ይህቺ አር ትልቋ ፊደል ናት፣ ቀደም ያለችው ትንሿ ነበረች። ማሽኑ በሚቀጥለው መነሳት አንድ ጊዜ ብቻ አዲሱን ይሞክራል። ከወደቀ አጥፍታችሁ አብሩት፤ በራሱ ወደ አሮጌው ይመለሳል።